ዳር የሚኖር አይከብድም

ይህን ስጽፍ አንዳንዱን ነገር ሳላምታታ አልቀርም። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ከትምህርትም ያለኝ ማንበብና መጻፍ፣ ከዚያም ጥቂት ሒሳብ ነው። የሰዎቹን ንግግር እንደሰማሁት ለማስቀመጥ ሞክሬአለሁ፤ ማን ከማን ቀድሞ እንደተናገረ ግን አልምልም። አንባቢም "ይህ አገር የት ነው?" ብሎ እንዳይጠይቀኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። አገሩ መሬት አልነበረውም። መሬት የሌለውን አገር ደግሞ ማንም "የእኔ ነው፣ ለምን አማኸው?" ብሎ ሊቆጣኝ አይችልም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አገሩ መርከብ ነበር፤ ባሕር በሌለበት በከዋክብት መካከል የሚሄድ መርከብ። አያቶቻችን የተሳፈሩት ሩቅ ወዳለ አዲስ መሬት ለመድረስ ነው ይባላል። እኛ ስንወለድ መንገዱ ተጀምሮ ነበር፤ ስንሞትም አያልቅም። የመርከቢቱ ቅርጽ እንደ ጋሪ ጎማ ነው። መካከሉን እምብርት እንለዋለን፤ ቤተ መንግሥቱ እዚያ ነው። ዙሪያው ዳር ይባላል፤ ሕዝቡ እዚያ ይኖራል፣ ስማችንም ዳሬ ነው። ከእምብርት እስከ ዳር ረጃጅም መተላለፊያዎች ተዘርግተዋል፤ በየመተላለፊያው ውስጥም መሰላል አለ።

በዚያ አገር ክብደት አልነበረም። ሰው ይንሳፈፋል፣ ማንኪያ ይንሳፈፋል፣ እንባ እንኳ ከዓይን አይወርድም፤ ኳስ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል። ሕጉ ግን "ሁሉም ነገር በዙፋኑ ቸርነት ይወድቃል" ይላል። ስለዚህ አንድ ዕቃ አልወድቅም ካለ ያመፀው ዕቃው ነው፤ የሚጠየቀው ግን ባለቤቱ ነው።

ይህን የሚያስፈጽሙ ሹማምንት አስወዳቂዎች ይባሉ ነበር። አመድማ መቀነት ታጥቀው፣ ረጅም ዘንግ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ማንኪያ ከእጅህ ካመለጠ አስወዳቂው በዘንጉ ገፍቶ ወለል ላይ ያደርሰውና በሙጫ ያጣብቀዋል። ከዚያ "ወደቀ!" ይላል። ቤተ ሰቡም "እሰይ፣ ወደቀ!" ብሎ ይመልሳል። ጨው በተበተነበት ቤት አንድ አስወዳቂ እያንዳንዷን ቅንጣት ሲያስወድቅ ሲውል አይቻለሁ። የቤቱ ሰዎች "እሰይ" ሲሉ ውለው ድምፃቸው ተዘጋ።

መስገድም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ክብደት በሌለበት አገር አጎንብሶ የሚሰግድ ሰው መቆሚያ ስለማያገኝ ማጎንበሱን ይቀጥላል። ዞሮ ዞሮ መቀመጫውን ለንጉሡ ፊት ያቀርባል፤ ይህም ትልቅ ወንጀል ነው። ስለዚህ አቤት ባይ ሁሉ እግር ያዥ ይዞ እንዲመጣ ተደነገገ። እግር ያዥ ማለት አንዱ ሲሰግድ ቁርጭምጭሚቱን ጨብጦ እንዳይገለበጥ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። እኔ ለብዙ ሰው እግር ይዣለሁ። ዙፋን ፊት የቆየሁት አብዛኛውን ጊዜ የሰው ተረከዝ እያየሁ ነው፤ የረሳሁት ነገር ቢኖር ምክንያቱ ይህ ነው።

ክብደት እንዴት እንደሚገኝ የማያውቅ አልነበረም። ድንጋይ በገመድ አስሮ ያሽከረከረ ሰው ሁሉ ድንጋዩ ወደ ውጭ እንደሚጎትት አይቷል። መርከቢቱም ስትሠራ እንድትሽከረከር ነው የተሠራችው፤ ስትሽከረከር ሰው ሁሉ ወደ ዳር ይሳባል፣ የዳሩ ግድግዳም ወለል ይሆናል። በጥንት ጊዜ ትሽከረከር ነበር ይባላል። ነገር ግን የጎማ እምብርት ሲሽከረከር መሐሉ ምንም አይጎትተውም። የንጉሡ አያት ዘውዳቸው ከራሳቸው ላይ ተንሳፍፎ ሲሄድ አዩ፤ ወደ ዳር ቢመለከቱ ደግሞ የዳሬው ድስት ከመደርደሪያው ንቅንቅ አላለም። "የእኔ ዘውድ እየተንሳፈፈ የዳሬ ድስት ይቀመጣል?" ብለው መርከቢቱን አስቆሟት።

ከዚያ ወዲህ እኩል ተንሳፈፍን።

አሁን የምነግራችሁ ስለ ውባለም ነው። ውባለም ጎረቤቴ ነበረች፤ ገመድ ትገምዳለች። ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ አላት። የትርንጎ እግር እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። ግድግዳ ሲነካት ይሰበራል፤ ይጠገናል፤ ዳግመኛ ይሰበራል። አንድ ቀን ወጌሻው እግሯን አስሮ ሲጨርስ ዕቃውን ሳይሰበስብ ቆየ።

"ውባለም፣ ከእንግዲህ አትጥሪኝ" አላት።

"ምን አጠፋሁ?"

"አንቺ ምንም። አጥንት እንደ ሰነፍ ሎሌ ነው፤ ሸክም ካጣ 'ሥራ የለም' ብሎ ይሄዳል። የዚች ልጅ አጥንት እየሄደ ነው። ሳታድግ፣ ስታስነጥስ ጎድኗ ይሰበራል።"

"ምን ላብላት ታዲያ?"

"የሚበላ አይደለም። መቆም ነው መድኃኒቷ።"

"የት ላይ ትቁም?"

ወጌሻው አስወዳቂ አለመኖሩን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጣቱን በአየር ላይ እንደ ጎማ አዞረና ሄደ።

በዚያው ሰሞን ከቤተ መንግሥት አዋጅ ወጣ። የዛሬው ንጉሥ ዘውዳቸውን በላስቲክ ከአገጫቸው ሥር ያስሩ ነበር፤ ላስቲኩ አገጫቸውን ልጦት ኖሮ መሯቸዋል። "ለመርከቢቱ ክብደት የሚያስገኝ ብልሃት ያለው ይምጣና ያሳይ" ተባለ። "ነገር ግን ክብደቱ ከእምብርት ይጀምር፤ ወደ ዳርም እየቀነሰ ይሂድ።"

በተጠራው ቀን ውባለም ትርንጎን በአንሶላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አሰረችና ወደ እምብርት ተጓዝን። እግር ያዧ እኔ ነበርኩ።

"አባባ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል" አለችኝ፣ እግሯን ይዤ ተራችንን ስንጠብቅ።

"እግርሽ ነው።"

"እግሬስ ይንቀጠቀጥ፣ ንጉሥ ፊት የምትናገረው ባለቤቱ ናት። የእርስዎ እጅ ምን ነካው?"

እውነቷን ነበር።

መጀመሪያ አንድ ባላባት የብረት ጫማ ተጫምቶ ገባ። ወለሉ ላይ ማግኔት ተዘርግቶለት ነበር። ቆመ፤ እውነትም ቆመ። ግን የቆመው እግሩ ብቻ ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው እንደ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። ንጉሡ ደስ ብሏቸው "ወደዚህ ቅረብ" አሉት። እግሩን ሊያነሣ ታገለ፣ አልተቻለም። በመጨረሻ ጫማውን ትቶ በካልሲው ተንሳፍፎ ወጣ።

ቀጥሎ ሊቀ ክብደት ወሰንየለህ ቀረቡ። እኚህ ሰው የአስወዳቂዎች ሁሉ አለቃ ናቸው። ብልሃታቸውን ቀደም ብለው ጀምረውት ነበር። "ትልቅ ነገር ትንሹን ይስባል፤ ስለዚህ ከዙፋኑ ሥር ብዙ ብረት ከተከመረ አገሩ ሁሉ ወደ ንጉሡ ይሳባል" ብለው የዳሬን ድስትና የአልጋ ብረት ሁሉ ሰብስበው ከዙፋኑ ሥር አስረውታል። እኛ ያን ጊዜ ጥሬ ስንቆረጥም ነበር።

"ግርማዎ ይመልከቱ! አቧራው ከየአቅጣጫው ወደ ዙፋኑ እየመጣ ነው!" አሉ።

"ስላልተጠረገ ነው" አለ አንድ ሰው ከኋላ። ማን እንዳለ ቢፈለግም አልተገኘም።

ሦስተኛው መጽሐፍ ያነበበ ጎረምሳ ነበር። "የመርከቢቱ ሞተር ሳያቋርጥ ወደ ፊት ከገፋ፣ ሁላችንም ወደ ኋላው ግድግዳ እንጫናለን፤ ክብደት ይኖረናል፤ የእምብርቱም የዳሩም ሰው እኩል ይከብዳል" አለ።

"እኩል?" አሉ ንጉሡ።

"አዎ ግርማዎ።"

"ከዳሬ ጋር?"

"አዎ ግርማዎ።"

"ይውጣ።"

ጎረምሳው እየወጣ "ነዳጁም አይበቃንም ነበር" አለ። ራሱን ለማጽናናት ይመስለኛል።

ከዚያ ውባለም ተጠራች። ሰገደች፤ እኔም እግሯን አጥብቄ ያዝኩ። ተናገረች፦

"ግርማዎ፣ መርከቢቱ ትዙር።"

ሊቀ ክብደት ወሰንየለህ መጡና ከፊቷ ቆሙ፤ ቆሙ ስል በዘንግ ተደግፈው ማለቴ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ መርከቢቱ ስትዞር ማን እንደሚከብድ ታውቂያለሽ?"

"አሳምሬ ነው የማውቀው። ልጄ ትከብዳለች።"

"ንጉሡስ?"

"ንጉሡም ወደ ዳር ወርደው አብረውን ቢቀመጡ ይከብዳሉ። ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ጠርገን እናስረክባለን።"

ተረከዟን ጨመቅሁት። ትርንጎ ከአንሶላው ውስጥ "እማ፣ ማን ሊገባበት ነው?" ስትል ሰማኋት። ዘበኞች ከሁለቱም በኩል መጡ። ያን ጊዜ ነው መሐንዲስ ሰርካለም የተናገረችው። ሰርካለም የቤተ መንግሥቱን አየርና ውሃ የምትጠብቅ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች።

"ግርማዎ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ" አለች። "መርከቢቱ ስትዞር የዳር ሰው እግሩ ወደ ውጭ ይሆናል። አናቱ ግን፣ የእያንዳንዱ ሰው አናት፣ ወደ እርስዎ ይዞራል።"

"የሁሉም?"

"የሁሉም። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያየው ወደ እርስዎ ነው። ግርማዎ ከአገሩ ሰው ሁሉ በላይ ይሆናሉ። ዛሬ ግን በዚህች ሰዓት እግሩን ወደ እርስዎ አድርጎ የተኛ ሰው አለ።"

"ማን ነው?" ብለው ንጉሡ ተቆጡ።

"በርካታ ናቸው ግርማዎ። በየትኛው በኩል እንደሚተኙ አያውቁም።"

ንጉሡ ብዙ አሰቡ። አገጫቸውን ከላስቲኩ ሥር አከኩ። "ትዙር" አሉ።

ሊቀ ክብደት ወሰንየለህ ግን ነገር አዋቂ ነበሩ። ዕቃ ሁሉ በራሱ ከወደቀ አስወዳቂ ምን ይሠራል? በዚያው ቦታ፣ ማንም ሳይወጣ፣ ሕግ አቀረቡ። "ከንጉሥ የበለጠ የሚከብድ ሰው ሊኖር አይገባም። ንጉሡ በእምብርት ስለሚኖሩ አይከብዱም። ስለዚህ ዳር የሚኖር አይከብድም። ከዛሬ ጀምሮ በዳር የሚወድቅ ነገር የለም፤ ሁሉም ይንሳፈፋል። ከብዶ የተገኘ ዳሬ ያለ ዕለት መርከቢቱ ትቆማለች።" ንጉሡም አጸደቁት። አስወዳቂዎች ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀላቢዎች ተባሉ፤ ሥራቸው የሚወድቀውን ሁሉ ወለል ሳይነካ በአየር ላይ መቅለብ ሆነ።

ስንመለስ ለውባለም ነገሩ እንዳስፈራኝ ነገርኳት። "እስከ ዛሬ ሳንወድቅ 'ወደቅን' በሉ አሉን። አሁን ደግሞ ስንወድቅ 'ተንሳፈፍን' ልንል ነው።"

"ይበሉ እንጂ አባባ" አለችኝ። "ስሙን ይውሰዱት፤ ክብደቱን ይተዉልን።"

መርከቢቱ ከመዞሯ በፊት አጥንታችን ያለቀ ሽማግሌዎች መርከቢቱን ወደምትከተል ትንሽ ጀልባ ተዛወርን። ክብደት አንችልምና። ለእኔ ልዩ ሐዘን ነበር፤ ግን ሬዲዮ ሰጡን፤ ውባለምም ከሥራ ስታርፍ ታናግረኝ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው በጆሮዬ ብቻ ነው።

መርከቢቱ የዞረች ዕለት ውባለም እያለቀሰች ጠራችኝ።

"አባባ፣ እንባዬ ወረደ! በጉንጬ ላይ ወረደና ከአገጬ ተንጠባጠበ። ሁለት ቀላቢዎች እጃቸውን ዘርግተው ሥሬ ቆመዋል።"

ከዙፋኑ ሥር የታሰረው ድስትም ማሰሪያው ላልቶ ኖሮ በየመተላለፊያው እየተንኳኳ ወደ ባለቤቶቹ ወረደ። ጎኑ ተጨራምቷል፤ ያም ሆኖ ድስት ነው። ሕጉ ስለማይፈቅድ "ወደቀ" ያለ የለም፤ "ድስቱ እየተንሳፈፈ፣ በጣም ፈጥኖ መጣ" ተባለ። በአንድ ቀላቢ ትከሻ ላይም ፈጥኖ ተንሳፍፎበት ነበር።

መጀመሪያ ሁሉም አዞረው፤ አስመለሰው። ወጌሻው ራሱ በዳዴ ይሄድ ነበር። ትርንጎ ግን ግድግዳውን ይዛ መቀመጥ ጀመረች፤ ቀጥሎ መንበርከክ፤ ቀጥሎ መቆም። ስትወድቅ ቀላቢው ይይዛታል። "እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሁሉ ሳይጠቅሙ ኖረው አሁን ሳያስቡት ለልጄ ሞግዚት ሆኑላት" ትለኝ ነበር ውባለም። አንድ ቀን ወጌሻው እግሯን ዳስሶ "ሎሌው ተመልሷል" አለ። ይህን ስትነግረኝ እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ እንባ ግን ዓይኔ ላይ ቀረ።

ወሬ ግን አያርፍም። አንድ ዳሬ ውሃ ተሸክሞ ሲያልበው ታየ የሚል ነገር እምብርት ደረሰ። ንጉሡ ሊቀ ክብደት ወሰንየለህን ከሁለት ምስክሮች ጋር ላኳቸው። "የከበደ ካለ እዩ። ካለ፣ መርከቢቱ ትቁም" አሏቸው። ውባለም ሬዲዮውን ከፍታ ግድግዳው ላይ ሰቅላው ስለነበር የሆነውን ሁሉ ሰማሁ።

ሊቀ ክብደት ከመሰላሉ ወርደው ሲደርሱ ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ይሰማ ነበር።

"ተንሳፍፈን መጣን" አሉ።

"እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ" አለች ውባለም። "ምነው ተቀመጡ?"

"ለመንሳፈፍ ነው የተቀመጥኩት።" ጥቂት አረፉ። "በዙፋኑ ፊት 'ትከብዳለች' የተባለችው ልጅ የት አለች? እሷን በእጄ አንሥቼ አያለሁ። የምትንሳፈፍ ከሆነች ሁሉም ይንሳፈፋል።"

ልጅቱ ድናለች፤ የዳነችበት ነገር ደግሞ ወንጀል ሆኖ ሊገኝ ነው። ውባለም በኋላ እንደነገረችኝ ትርንጎን አቀረበቻት። ሊቀ ክብደት ብብቷን ይዘው አነሷት። አንድ ረጅም ማቃሰት ሰማሁ።

"እንዴት ናት?" አለ አንደኛው ምስክር።

"ተ... ተንሳፈፈች።"

"ምነው ላብዎ ወረደ?"

"ላብ አይወርድም። እየተንሳፈፈ ነው።"

"ወደ ታች?"

"ወደ ታች ይንሳፈፋል! ምን አገባህ?"

ምስክሮቹ ራሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ስለነበር አልተከራከሩም። ያን ጊዜ ሊቀ ክብደት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለውባለም የተናገሩት፣ ሬዲዮው ቅርብ ስለነበረ፣ እኔም ጋ ደረሰ።

"እመቤቴ፣ በእናትሽ ቶሎ ተቀበዪኝ። ክንዴ ሊገነጠል ነው።"

"ትንሽ ይያዙልኝ ጌታዬ" አለች ውባለም። "እስከ ዛሬ የከበደችው ሰው የለም። አንድ ሰው ይመስክርልኝ።"

"ከብዳለች" አሉ በሹክሹክታ። "እጅግ ከብዳለች። በቃሽ?"

"በቃኝ።" ተቀበለቻቸው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደስ ባለኝ። ሊቀ ክብደት ተመልሰው "ዳሬ ሁሉ ልክ እንደ ግርማዎ ይንሳፈፋል" ብለው አቀረቡ። ንጉሡ ደግሞ ብቸኝነት ይዟቸው ኖሯል። መርከቢቱ ከዞረች ወዲህ የሰው ሁሉ አናት ወደ እርሳቸው ነው፤ ነገር ግን ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ስለሚያደክም አቤት ባይ ጠፍቷል። "ከሰው የማየው አናት ብቻ ሆነ" ይሉ ነበር አሉ። የሊቀ ክብደትን ቃል ሲሰሙ ደስ አላቸው።

"እንደ እኔው የሚንሳፈፉ ከሆነ ምን ያስቸግረኛል? ወርጄ እጎበኛቸዋለሁ።"

ሊቀ ክብደት አፋቸውን ከፈቱ ይባላል። "ግርማዎ፣ መሰላሉ..."

"መሰላሉ ምን ሆነ?"

"መሰላሉ... ደህና ነው ግርማዎ።"

ሊቀ ክብደት ዘንግ ሲገፉ የኖሩ ናቸው፤ ንጉሡ ግን በሕይወታቸው አንዲት ማንኪያ ክብደት ተሸክመው አያውቁም። አጥንታቸው ምን እንደሚመስል የትርንጎን እግር ያየ ሰው ይገምታል። ይህን የማያውቅ ሹም አልነበረም፤ ለመናገር ግን አንድ መንገድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ዳር ክብደት አለ ማለት ነው።

የጉብኝቱ ዕለት ውባለም ከመሰላሉ ሥር ሆና ጠራችኝ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይንጫጫ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ከመተላለፊያው ውስጥ፣ ከንጉሡ ጋር እየወረደ፣ የሚያየውን ይጮኻል።

"ንጉሡ እርከኑን ጀመሩ! ንጉሡ እየሳቁ ነው!"

"ላይኛው ላይ ማንም ይስቃል" አለች ሰርካለም፤ እርሷም እዚያ ነበረች። "ገና ምንም አልጎተታቸውም። በወረዱ ቁጥር ይጨምራል።"

"መርከቢቱን አዝግሚያት እንጂ ታዲያ!" አላት አንድ ሰው።

"ለማዝገም ጊዜ ይፈጃል። ለምን አዘገምሽ ቢሉኝስ ምን እላለሁ?"

"ፍራሽ እናንጥፍ" አለ ሌላው።

"አብደሃል? ፍራሽ ካነጠፍን ይወድቃሉ ማለታችን ነው። ዛሬውኑ መርከቢቱን ያቆሟታል።"

"ቢወድቁስ አያቆሟትም?"

"ቀላቢዎቹ የታሉ? ይቅለቧቸዋ!"

"እኛ ዕቃ ነው የምንቀልበው" አለ አንድ ቀላቢ። "የንጉሥ ገላ መንካት ክልክል ነው።"

"ንጉሡ መሳቅ ትተዋል!" ብሎ ጮኸ አዋጅ ነጋሪው።



"ውባለም" አልኳት፣ "አንቺ ዝም በይ። ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ግቢ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ለማንም አይበጅም።"

"አባባ፣ ሰውየው እንደ ልጄ ናቸው እኮ" አለችኝ። "አጥንታቸው እንደ ልጄ አጥንት ነው። እንዴት እንደሚሰበር ድምፁን አውቀዋለሁ።"

"ፍራሽ ካነጠፍሽ መርከቢቱ ትቆማለች። ትርንጎስ?"

ከላይ አዋጅ ነጋሪው "ንጉሡ መሰላሉን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል!" አለ። ድምፁ አሁን አዋጅ አይመስልም ነበር።

"ይቆዩኝ" አለች ውባለም። "ትርንጎ፣ ነይ፣ ፍራሹን በዚያ በኩል ያዢልኝ። ከባድ ነው፤ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ" አለች ትርንጎ።

ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ በእኔ ዘመን መርከቢቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረምና። ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ትልቅ አንዷ ትንሽ፣ ከባድ ነገር እየጎተቱ በእግራቸው ይሮጡ ነበር። ሰው "ተዪ! ተዪ!" ይላል። ሌላው ደግሞ "በዚህ በኩል ሳቡት!" ይላል።

ጀልባችን ቀስ እያለች ከመርከቢቱ ርቃ ኖሯል፤ ሬዲዮው መንሾካሾክ ጀመረ፣ ቀጥሎም ዝም አለ። ዜና ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ንጉሡ በዚያች ሰዓት የመሰላሉን እኩሌታ አልፈው ነበር።